ዓይን፣ ዝንብና ውሃ

የማታው ትምህርት የሚጀመረው ከብቶቹ ገብተው፣ እራት ተበልቶ ሲያበቃ ነበር። ኩራዙን መሐል እናስቀምጥና ዙሪያውን እንቀመጣለን። ከተማሪዎቻችን አንዷ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ እናት ናቸው። ፊደሉን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በቃላቸው ያወርዱታል፤ በዚህስ ወጣቶቹን ያስንቃሉ። መጽሐፉ ሲዘረጋ ግን ነገሩ ይለወጣል። ዓይናቸው ያለቅሳል፤ በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉታል፤ ጎንበስ ብለው እንደገና ያያሉ፤ እንደገና ያለቅሳል። ከዚያ መጽሐፉን ያጥፉና «ልጆቼ፣ እናንተ አንብቡት፤ እኔ በጆሮዬ ልማር» ይላሉ።

እኛ ወደ ላስታ የተላክን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። የአገሩ ሰው «ዘማቾቹ» ይለናል። ስሙ የቆየ ነው። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ፣ በኋላም ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ገጠር የወጡት ወጣቶች በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ እስካሁን አልረሱትም። ፊደል ልናስተምር መጣን። ፊደል የሚነበበው በዓይን መሆኑን ግን ከልብ አላሰብንበትም ነበር።

መጀመሪያ «እርጅና ነው፤ መነጽር ቢያገኙ ይሻላቸዋል» ተባባልን። አንድ ማታ ግን ከማተባቸው ጋር የተንጠለጠለች ትንሽ ብረት አየን፤ ወረንጦ ናት። «እማማ፣ ይህ ለእሾህ ነው?» አልናቸው። «ለእሾህ ነው እንጂ። እሾሁ ግን ዓይኔ ውስጥ ነው» አሉን። የላይኛው የዓይን ክዳናቸው ፀጉር ወደ ውስጥ ዞሮ ይወጋቸዋል። በየሁለት ሳምንቱ አንዲት ጎረቤታቸው ደጅ ፀሐይ ላይ አስቀምጣ ትነቅልላቸዋለች። እናታቸውም እንዲሁ ሲያስነቅሉ ኖረው፣ በመጨረሻ ታውረው በሰው እጅ እየተመሩ ነው የሞቱት።

ይህ በሽታ የዓይን ማዝ ይባላል። ሐኪሞች ትራኮማ ይሉታል።

ትራኮማን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ረቂቅ ተሕዋስ ነው። ለብዙ ዘመን ማንም ለይቶ ሊይዘው አልቻለም ነበር። ታንግ ፌይፋን የሚባል ቻይናዊ ሊቅ ተሕዋሱን በዶሮ ዕንቁላል ውስጥ አሳድጎ ለየውና ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1957 አሳተመ። ይህ ሰው ነገሩን ለማረጋገጥ ሲል ተሕዋሱን በገዛ ዓይኑ አስገብቶ ታሟል። እንግዲህ ቡዳ ነው፣ ምች ነው የሚባለውን ወደ ጎን እንተወው። ብዙ እናቶች ደግሞ «ጭሱ ነው» ይሉናል። በእርግጥ የኩበት ጭስ ዓይን ያስለቅሳል፤ ሳንባንም ይጎዳል፤ ጭስ የሚወጣበት ቀዳዳ መክፈት መልካም ነው። ነገር ግን ጭስ ብቻውን የዓይን ማዝ አያመጣም።

በሽታው የሚጀምረው በሕፃንነት ነው። የልጁ ዓይን ይቀላል፤ ዓይናር ያወጣል፤ ጠዋት ሽፋሽፍቱ ተጣብቆ ይነሣል። ጥቂት ሰንብቶ ይሻለዋል። ከወር ከሁለት ወር በኋላ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ቢይዝና ቢለቅ ኖሮ ብዙ ጉዳት ባልነበረው። ክፋቱ መመላለሱ ነው። በተመላለሰ ቁጥር የላይኛውን ክዳን ውስጡን ያቆስለዋል፤ ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳውም ይኮማተራል። ቆዳ ፀሐይ ላይ አስጥቶ የሚያውቅ ሰው፣ ሲደርቅ ጠርዙ እንዴት ወደ ውስጥ እንደሚጠቀለል አይቷል። የዓይን ክዳንም እንደዚያው ፀጉሩን ይዞ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ይህ ሁሉ እስኪሆን ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ማለት ይህ ነው። በልጅነት የታመመው ዓይን በእናትነት ይታወራል።

የታጠፈው ፀጉር ሰውየው ዓይኑን ባርገበገበ ቁጥር ጥርት ያለውን የብሌን ሽፋን ይፍቀዋል። በቀን ስንት ሺህ ጊዜ እንደምናርገበግብ እስቲ አስቡት። ሲፋቅ የኖረ ሽፋን ይነጣል፤ ብርሃን አላሳልፍ ይላል። በወረንጦ መንቀል ለጊዜው ያሳርፋል፤ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል፤ ተቆርጦ የቀረው ጉቶ ደግሞ ከረዥሙ ይልቅ ይወጋል። አንድ ነገር እንዳይምታታብን። የዓይን ሞራ ሌላ ነው። ሞራ የጋረደው ዓይን በቀዶ ሕክምና ተገፎለት እንደገና ሊያይ ይችላል። በትራኮማ ጠባሳ የጠፋ ብርሃን ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም። ስለዚህ በጊዜ መቅደም ነው ዋናው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሴቶች በዚህ በሽታ የሚታወሩት ከወንዶች እስከ አራት እጥፍ ነው። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ ሕፃን የሚያቅፈው፣ የሚያዝለው፣ ዓይናር የሚጠርገው ማነው? በ1998 ዓ.ም. ገደማ በመላ አገሪቱ በተካሄደው የዓይን ጥናት፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ የኢትዮጵያ ልጆች ከ100ው 40ው በሽታው ዓይናቸው ውስጥ ነበር። በአማራ ክልል ከ100ው 62ቱ ሆነው ተገኙ፤ ከክልሎቹ ሁሉ የበዛው ይህ ነበር። ቁጥሩን ለተማሪዎቻችን ስናነብ አንድ አዛውንት «ታዲያ የእኛን አገር ዓይን ማን ረገመው?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄያቸው ጥሩ ጥያቄ ነው።

የረገመው የለም። በሽታው መንገድ ስላገኘ ነው። መንገዱም የአየሩ፣ የመሬቱና የአኗኗራችን ሥራ ነው።

ከብርዱ እንጀምር። ላሊበላ ራሷ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ገብስ እንኳን በውርጭ ይመታል። በእንዲህ ያለ አገር ቤቱ ጠባብ፣ በሩ ዝግ ቢሆን፣ አራት ልጆች በአንድ ጋቢ ተጠቅልለው አንድ መደብ ላይ ቢያድሩ ስንፍና አይባልም። ብርድ ነው ያጠጋጋቸው። ነገር ግን የአንዱ ዓይናር ለሌላው የሚደርሰው በዚያው ጋቢ ነው። እኛም ሌሊት ሲበርደን እንደዚያው ተጠጋግተን እናድር ነበርና ነገሩን በራሳችን አየነው።

ሁለተኛው መንገድ ጨርቅና ጣት ነው። እናት የትንሹን ዓይናር በቀሚሷ ጫፍ ትጠርጋለች፤ በዚያው ጫፍ የትልቁን፤ በዚያው የራሷን። ከፍቅሯ የተነሣ ነው የምታደርገው። ፍቅሯ በሽታ ሲያመላልስ ማየት ያሳዝናል።

ሦስተኛዋ ዝንብ ናት። የላሊበላ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አፈ ታሪክ አለ፦ ቅዱስ ላሊበላ ሲወለድ ንቦች ከበቡት፤ እናቱም ይህን አይታ የንግሥናው ምልክት ነው አለች። ስሙም ከዚህ የመጣ ነው ይባላል። ታዲያ ዛሬ ሕፃን በዝንብ ተከብቦ ዝም ሲባል ስናይ፣ ዝንቢቱን እንደዚያች ንብ ቆጥረዋት ይሆን እንዴ እያልን እንቀልድ ነበር። ቀልዳችንን የሰሙ አንዲት እናት ሳቁና «ብናባርራትስ መቼ ትሄዳለች? ትመለሳለች እኮ!» አሉን። እውነታቸውን ነው። ማባረር አያዋጣም። ዓይን ላይ የምታርፈው ዝንብ ወጥ ላይ ከምታርፈው ጋር ትመሳሰላለች እንጂ አንድ አይደለችም። እርጥበት ፍለጋ ወደ ዓይናርና ወደ ንፍጥ ትሄዳለች። ፊቱ ንጹሕ የሆነ ልጅ ላይ ብዙም አትቆይም፤ የምትቀምሰው የለማ።

ይህች ዝንብ ዕንቁላሏን የት ትጥላለች? ከሁሉ ይልቅ የምትመርጠው ሜዳ ላይ የተተወ የሰው ዓይነ ምድር ነው። አማርኛችን ለጨዋነት ሲል ዓይነ ምድር አለው፤ ስሙ ውስጥ ዓይን መኖሩ ሲገርመን ከርሟል። ከጓሮ ተነሥታ ሕፃኑ ዓይን ላይ ታርፋለች፤ ከአንዱ ልጅ ተነሥታ ሌላው ላይ። በጉድጓድ ውስጥ ግን ይህች ዝንብ እንደ ልቧ አትራባም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ በጋምቢያ መንደሮች የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ መጸዳጃ ጉድጓድ በተቆፈረላቸው መንደሮች በልጆች ዓይን ላይ የሚያርፉት ዝንቦች በ30 በመቶ ገደማ ቀንሰዋል። አንድም መድኃኒት ሳይረጭ ነው ይህ የሆነው።

ይህንን አንብበን ነበርና እንደ ደረስን ጉድጓድ ቆፈርን። ስለዚህ ጉድጓድ ባንጽፍ ደስ ይለን ነበር፤ ግን ለሌላው ትምህርት ይሆናል። ማንንም ሳንጠይቅ፣ ከመንገዱ አጠገብ፣ ለእኛ ለመቆፈር የቀለለን ቦታ መረጥን። አንድ ሜትር ያህል እንደ ወረድን ዐለት ገጠመን፤ «ይበቃል» ብለን ተውነው። ክዳንም አላበጀንለት። በወሩ ሞላ፤ ሸተተ፤ ነፋሱ ሽታውን ወደ ቤቶቹ ይዞት ይገባ ጀመር። ሰዉ ወደ ሜዳው ተመለሰ። ዝንቡም በዛ እንጂ አልቀነሰም። ያን ጊዜ አንድ አባት ጠሩንና «ልጆች፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነሣ እንኳ አልጠየቃችሁን» አሉ። አፈርን። ሁለተኛውን እርሳቸው ባሳዩን ቦታ፣ አፈሩ ጥልቅ በሆነበት፣ ከቤቶቹ በታች ነፋስ ወደ ገደሉ በሚወስድበት በኩል ቆፈርን። ከምንጭም ቢያንስ 30 ሜትር ማራቅ ያስፈልጋል። ጠፍጣፋ ድንጋይ ክዳን ሆነለት፤ አመድ በላዩ ይነሰነስበታል። አመድ በየቤቱ ሞልቷል፤ አይገዛም።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ወደ ውሃው እንምጣ።

በመጀመሪያው ሳምንት ሴቶችን ሰብስበን «የልጆቻችሁን ፊት በቀን ሁለት ጊዜ እጠቡ» ብለን ሰበክን። አንዲት ወጣት እናት «እሺ፤ ውሃው ለሊጥ ይሁን ለፊት?» አለችን። መልስ አልነበረንም። በማግሥቱ ውሃ ልንቀዳ አብረናት ወረድን። ምንጩ ከገደሉ ሥር ነው። ቁልቁለቱ 40 ደቂቃ ወሰደ፤ በጋ ስለሆነ ምንጩ ቀጥኖ ነበርና ወረፋ ጠበቅን፤ ዳገቱን 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክመን ለመውጣት ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን፤ ሦስት ጊዜም አርፈናል። እርሷ ሕፃን አዝላ አላረፈችም። ከዚያ ቀን በኋላ «እጠቡ» የሚለውን ቃል እንደ ቀድሞው ደፍረን አንናገረውም።

ላስታ ውሃ የሌለው አገር አይደለም። ተከዜን የሚያህል ወንዝ የሚነሣው ከዚሁ ተራራ ነው። በክረምት ዶፉ ሲወርድ በየሸለቆው ጎርፉ ያስፈራል። ነገር ግን ተራራው ተራቁቷል፤ ውሃው አፈር ይዞ ይወርዳል እንጂ መሬት ውስጥ ሰርጎ ለበጋ አይቀመጥም። እርከንና ዛፍ የገበሬ ጉዳይ ብቻ ሆነው ይታዩ ይሆናል፤ የዓይንም ጉዳይ ናቸው። የላሊበላን 11 አብያተ ክርስቲያናት ከዐለት የፈለፈሉት ሰዎች የዝናቡ ውሃ የሚሄድበትን ቦይ፣ የሚጠራቀምበትንም ገንዳ አብረው ጠርበዋል። ውሃን በመንገዱ መምራት በዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው።

ምንጩ እስኪቀርብ ድረስስ? አንድ ነገር ሞከርን። በአንድ ሊትር ውሃ ስንት ልጅ ይታጠባል ብለን ጠየቅን። ሴቶቹ «ሁለት»፣ «ቢበዛ ሦስት» አሉ። አንዲት ጣሳ ሥሯን በሚስማር በስተን አንጠለጠልናት፤ ልጆቹን አሰለፍን። ውሃው እንደ ክር ይወርዳል፤ ልጁ በመዳፉ ይቀበላል፤ ፊቱን፣ ዓይኑን፣ የአፍንጫውን ሥር ያሻል፤ ይሄዳል። ሊትሩ 12 ልጅ አጠበ። ሳቅ በሳቅ ሆነ። ያቺ ለሊጥ ይሁን ለፊት ያለችን እናት ጣሳውን ገልብጣ አየችው፤ ሌላ ውሃ ደብቀንበት እንደ ሆነ ስትፈልግ ነው። በኋላ በየደጁ አሮጌ ጀሪካን ተሰቀለ፤ ከሥሩ ቀዳዳ ተከፈተለትና የእስክሪብቶ ቀፎ ተሰካበት፤ ቀፎው በቆብ ይደፈናል። ሳሙና ቢገኝ መልካም ነው፤ ባይገኝ ግን ውሃው ብቻውን ዓይናሩን ካስለቀቀ ሥራው ተሠርቷል። ልጁ በጨርቅ ሳይጠርገው በፀሐይ ይድረቅ። እንዶድ ለልብስ እንጂ ለፊት አይሆንም፤ ዓይን ያቃጥላል።

አንዳንድ ሰው «ኪኒን አለ አይደል? ለምን ይህ ሁሉ ድካም?» ይላል። አለ። አዚትሮማይሲን የሚባለው ኪኒን በዓመት አንድ ጊዜ ይዋጣል፤ ተሕዋሱንም ይገድላል። በአማራ ክልል ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከወባ ጋር በአንድ ዘመቻ ለሚሊዮኖች ታድሏል፤ ፋብሪካውም ያለ ዋጋ ነው የሰጠው። በሽታው ቀንሷል። ሆኖም ከብዙ ዓመት እደላ በኋላ እንኳ በብዙ ወረዳዎች አልጠፋም። ምክንያቱ እንደምናየው ነው፤ ኪኒኑ ዛሬ ያለውን ተሕዋስ ይገድላል፤ ነገ በዚያው ጋቢና በዚያችው ዝንብ የሚመጣውን ግን አይከለክልም።

ፈረንጅም ይህን በሽታ ያውቀዋል። የናፖሊዮን ወታደሮችና የእንግሊዝ ወታደሮች ከ200 ዓመት በፊት ግብፅ ላይ ሲዋጉ የዓይን በሽታ ይዟቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በየጦር ሰፈሩም ተዛመተ። ሎንዶን ውስጥ ታዋቂው የዓይን ሆስፒታል በ1805 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው በዚያ ሰሞን ነው። አሜሪካ ደግሞ በመርከብ የሚመጣውን ስደተኛ የዓይን ክዳኑን እየገለበጠች ትመረምር ነበር፤ ትራኮማ የተገኘበት ወደ መጣበት ይመለሳል። እነዚህ አገሮች በሽታውን በአብዛኛው የተገላገሉት ፍቱን መድኃኒት ሳይገኝ በፊት ነው። ውሃ ወደ ቤት ገባ፤ ቤቱ ሰፋ፤ እዳሪው ከደጅ ተወገደ፤ በሽታውም መንገድ አጣ። ከአፍሪካም ሞሮኮ በ2016፣ ጋና በ2018፣ ማላዊ በ2022 እ.ኤ.አ. ትራኮማ የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑ እንዳከተመ በዓለም ጤና ድርጅት ተረጋግጦላቸዋል። እነርሱ ኪኒኑንም፣ ቀዶ ሕክምናውንም፣ ፊት መታጠቡንም፣ ጉድጓዱንም አንድ ላይ ይዘው ነው የሠሩት። ማላዊ ከእኛ በሀብት አትበልጥም።

ክዳናቸው ለታጠፈባቸው ሰዎች ግን መታጠብ ብቻ አይበቃም። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። ክዳኑ በመርፌ ይደነዝዛል፤ ባለሙያው ውስጡን ቆርጦ ጠርዙን ወደ ውጭ መልሶ ይሰፋዋል። ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ዓይኑ ራሱ አይነካም። ይህን ለእማማ አስር ጊዜ ነገርናቸው፤ አስር ጊዜ «ዓይኔን ቢያወጡብኝስ?» አሉን። ባለቤታቸው «አዝመራው ይግባ» አሉ፤ አዝመራው ገባ። ከዚያ «ጤና ጣቢያው አለ ወይ?» ሆነ ጥያቄው። ይህም ከንቱ ፍርሃት አልነበረም፤ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ በደረሰባቸው የሰሜን ወሎ ቦታዎች ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈው ነበር፤ ሰዉም ደክሞ ሄዶ ባዶ ቤት ማግኘትን ለምዷል። አስቀድመን አንዳችን ሄደን ጠይቀን፣ ቀን ቆርጠን መጣን። እማማ በበቅሎ፣ እኛ በእግር፣ ግማሽ ቀን ተጓዝን።

የግራ ዓይናቸው ክዳን ተስተካከለ፤ ብሌኑም ደህና ነው። የቀኙም ክዳን ተሠርቷል፤ አይወጋቸውም፤ ብርሃኑ ግን ሄዷል። ባለሙያዋ «አምስት ዓመት ቢቀድሙ ኖሮ» አለች። እማማ ምንም አላሉም። እኛ ግን ያን ቃል እስካሁን አልረሳነውም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ኩራዙ ዘንድ ተመለሱ። መጽሐፉን ወደ ግራ ዘንበል አድርገው ይይዙታል። ቀስ ብለው ነው የሚያነቡት፤ ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር ያስኬዳሉ። ጠዋት ጠዋት የልጃቸውን ልጅ እጇን ይዘው ወደ ጀሪካኑ ይወስዷታል፤ ልጅቱ ውሃው ይቀዘቅዛል ብላ ታለቅሳለች፤ እርሳቸው ይስቃሉ። ምንጩን ከላይ ገድበን በቧንቧ እናውርድ የሚለው ነገር በቀበሌው ስብሰባ ሁለት ጊዜ ተነሥቷል፤ ድንጋዩ ተሰብስቧል፤ ሲሚንቶው ገና አልመጣም። ወረንጦዋ ግን እስካሁን ከማተባቸው ጋር ተንጠልጥላ አለች። «ምን ያደርግልዎታል?» ብለን ጠየቅናቸው። «ለእሾህ» አሉን።